ስለ ሄፓታይተስ ሲ እና ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ለጠየቃችሁን

ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን የሰሞኑ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ቤተሰብ ውስጥ ኩላሊቱ የደከመ ሰው አለ፤ ሊሰጠው የቆረጠ ዘመድም አለ፤ ከሁለቱ በአንዱ ደም ላይ ግን ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲ «ታየ» ተብሏል፣ ወይም እንዳይታይ ተፈርቷል። በዚህ ምክንያት ብቻ ንቅለ ተከላው ቀርቶ ሰው እጥበት ላይ ዓመታት ሲገፋ እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ ይህ መሆን አልነበረበትም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ከጣቱ ደም ተወስዶ ሄፓታይተስ ሲ «ፖዘቲቭ» ተባለ። እህታችን ኩላሊቷን ልትሰጠው ዝግጁ ነበረች፤ አሁን ቤተሰቡ «ቫይረሱ አዲሱንም ኩላሊት ያበላሸዋል፣ እሷም በከንቱ ትጎዳለች» ብሎ ከለከላት። ምን እናድርግ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው አንቲቦዲን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነገር ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን አንድ ጊዜ አግኝቶት እንደሚያውቅ ይነግረናል እንጂ ቫይረሱ ዛሬ በደም ውስጥ መኖሩን አይነግረንም። ቫይረሱ ከያዛቸው 100 ሰዎች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ያለ ምንም መድኃኒት በ6 ወር ውስጥ ከደማቸው ያጠፉታል፤ አንቲቦዲው ግን ይቀራል። ስለዚህ ወንድምዎ ሕመምተኛ ነው ብሎ ለመደምደም ገና ነው። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የቫይረሱን ዘረ-መል የሚፈልገው ምርመራ፣ በተለምዶ ቫይራል ሎድ የምንለው ነው።

ይህ ምርመራ ከክንድ ደም ይፈልጋል፤ ደሙ የሚቀዳውም ብዙውን ጊዜ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚያገለግለው ጂንኤክስፐርት የተባለው ማሽን የሄፓታይተስ ሲ ካርትሪጅ ከተገኘለት ይህንንም ይሠራል። ስለዚህ ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትሄዱ «ማሽኑ አለ?» ብቻ ሳይሆን «የሄፓታይተስ ሲ ካርትሪጁ አለ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነ ፕላዝማው ከደም ሴሎቹ በሰዓታት ውስጥ ተለይቶ በበረዶ ሣጥን መሄድ አለበት። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት መኪና ውስጥ የዋለ ቱቦ ዘረ-መሉ ይፈርስና ቫይረሱ እያለ «የለም» ወይም «ትንሽ ነው» የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል። የላከውን ሰው በምን እንደላከው መጠየቅ ነውር የለውም።

ውጤቱን ስታነቡ ሁለት ነገር አታምታቱ። «አልተገኘም» ማለት አልተገኘም ነው። «ተገኝቷል፣ ከ10 በታች» ማለት ግን ቫይረሱ አለ፣ ነገር ግን ማሽኑ በቁጥር ሊያስቀምጠው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን እንደ ነፃ ቆጥሮ ፋይሉን የዘጋ ሰው ተሳስቷል።

ቫይረሱ ካለ ጉበቱ ምን ያህል እንደተጎዳ መታወቅ አለበት። አፕሪ የሚባል ቀላል ስሌት አለ፤ ከተለመደ የደም ምርመራ ይወጣል። ለምሳሌ ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም 60 ቢሆን፣ የላብራቶሪው ከፍተኛ ጤናማ መጠን ደግሞ 40፣ 60ን ለ40 አካፍሉ፤ 1.5 ይሆናል። በ100 ሲባዛ 150፣ ይህን ለፕሌትሌቱ (ደምን የሚያረጋው ሴል) ቁጥር፣ በሺህ ተቆጥሮ ለ120 ስታካፍሉት 1.25 ይመጣል። ከ1 በታች ከሆነ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መክረሩ) የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ2 በላይ ከሆነ በጣም ያሳስባል፤ እንደዚህ በመካከል ሲወድቅ የጉበትን ጥንካሬ በአልትራሳውንድ ዓይነት የሚለካ ፋይብሮስካን ወይም የጉበት ናሙና ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች የጉበት ኢንዛይሞች ከሌላው ሰው ዝቅ ብለው ይታያሉ። ስለዚህ «ኢንዛይሙ ጤናማ ነው» የሚለው ዜና ለወንድምዎ ብዙም ማጽናኛ አይደለም፤ ስሌቱም ጉዳቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ የግድ ነው። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ከሲ ይልቅ በብዙ የተስፋፋ ነው፤ ሁለቱም ያሉበት ሰው ሲ ሲታከም ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳና ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ቤተሰቡን የሚያስፈራው ነገር ከድሮው ሕክምና የቀረ ነው። ያኔ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ለወራት ይወጋ ነበር፤ የተተከለ ኩላሊት ላለው ሰው ሲሰጥ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዲገፋው ያነሳሳ ስለነበር ሐኪሞች ይፈሩታል። አሁን ሕክምናው በአፍ የሚዋጥ ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው መካከል ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋር፣ ወይም ሶፎስቡቪር ከቬልፓታስቪር ጋር፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል፤ እንደ ጉበቱ ሁኔታና እንደ ቀድሞ ሕክምና ሊረዝም ይችላል። ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ሶፎስቡቪር እጥበት ላይ ላለ ሰው አይሰጥም የሚባለውም ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ የተቀየረ ምክር ነው።

በሕክምናው ወቅት የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። ቬልፓታስቪር የጨጓራ አሲድ ካልነካው በደንብ አይሟሟም። ኦሜፕራዞል የሚወስድ፣ ወይም እጥበት ላይ ስላለ ፎስፌቱን ለመቀነስ ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር የሚውጥ ሰው ክኒኑን አብሮ ከዋጠው መድኃኒቱ ባክኖ ይወጣል። ካልሲየሙና ክኒኑ የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋቸዋል፤ ኦሜፕራዞሉን ግን ሐኪሙ ሳያውቀው አይቀጥል። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ከእነዚህ ክኒኖች ጋር ፈጽሞ አይሄዱም፤ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጋሉ። ለልብ ምት አሚዮዳሮን የሚወስድ ደግሞ ከሶፎስቡቪር ጋር ሲገናኝ የልብ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊዘገይ ይችላል።

ከንቅለ ተከላው በፊት ይታከም ወይስ በኋላ? ሁለቱም ይቻላል፤ ውሳኔው የንቅለ ተከላ ቡድኑ ነው። የእኛ አስተያየት ግን ለጋሽ ተገኝቶ የቀዶ ጥገናው ቀን ገና ካልተቆረጠ አስቀድሞ ማከም ይሻላል የሚል ነው። የደም ዓይነት፣ የሕብረ ሕዋስ ስምምነትና ወረቀቱ ሲሟላ ወራት ስለሚሄዱ የሕክምናው 12 ሳምንት ከዚያው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። እህትዎን በተመለከተ፣ ቫይረሱ ከተቀባይ ወደ ለጋሽ የሚሄድበት መንገድ የለም። ወንድምዎ ቫይረሱ ስላለበት እሷ በቀዶ ጥገናው የሚገጥማት ተጨማሪ አደጋ የለም።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ኩላሊት ልሰጣት ነው። የዛሬ አራት ወር ከኤችአይቪ፣ ከሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ነፃ ተብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ተነቅያለሁ፣ ዋግምትም ተደርጎልኛል። ልድገም ስል «ብር ማባከን ነው» አሉኝ። (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ይድገሙት። የአራት ወር ውጤት ስለ አራት ወር በፊቱ ደምዎ ብቻ ነው የሚናገረው።

ሄፓታይተስ ሲ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አንቲቦዲ እስኪታይ በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይፈጃል። ቫይራል ሎድ ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ያገኘዋል። በዚህ መካከል ያለ ሰው አንቲቦዲው «ነፃ» እያለ ቫይረሱን ያስተላልፋል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 አንቲቦዲው ነፃ ከነበረ አንድ ሟች በተወሰዱ የአካል ክፍሎችና ሕብረ ሕዋሳት ቢያንስ 8 ተቀባዮች በሄፓታይተስ ሲ ተይዘዋል። በ2007 ደግሞ በቺካጎ ከአንድ ለጋሽ አካል የተቀበሉ 4 ሰዎች ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ሲም እንደያዛቸው ታወቀ፤ የተመረመረው አንቲቦዲ ብቻ ነበር። ለእርስዎ የሚቀርበው ግን በ2009 በኒው ዮርክ የደረሰው ነው። በሕይወት ያለ የኩላሊት ለጋሽ ነፃ ተብሎ ከተመረመረ በኋላ ቀዶ ጥገናው ከሁለት ወር በላይ ቆየ፤ በመካከል ኤችአይቪ ያዘው፤ ሳይደገም ቀረና ኩላሊቱ ቫይረሱን ለተቀባዩ አደረሰ።

ከዚህ የተወሰደው ትምህርት በ2020 በወጣው የአሜሪካ መመሪያ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። በሕይወት ያለ ለጋሽ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራው ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት 28 ቀናት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ለቀኑ ቀርቦ፣ በቫይረሱ ዘረ-መል ምርመራ ጭምር ይደረግ ይላል። እርስዎም ይህን ቀን ለቡድኑ አንስተው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀዶ ጥገናው ድረስ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ ሰፈር ውስጥ የሚወጋ መርፌና የጋራ ምላጭ ይቅር። ፀጉር ቤትም ከሄዱ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። ጥርስ መነቀል ካስፈለገ መሣሪያው በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) በሚቀቀልበት ቦታ ይሁን፣ ለቡድኑም ይንገሩ።

እናትዎም ከንቅለ ተከላው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በቫይራል ሎድ መመርመር አለባት። በአንቲቦዲ አይሁን። ኩላሊቱ እንዳይገፋ የምትወስዳቸው እንደ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ያሉ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ አንቲቦዲው ዘግይቶ ሊመጣ ወይም ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሄፓታይተስ ሲ ነበረብኝ፣ 12 ሳምንት ታክሜ ጨርሻለሁ። ለወንድሜ ኩላሊት መስጠት እችላለሁ? ፈጣኑ ምርመራ አሁንም ፖዘቲቭ ነው የሚለኝ። (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ፈጣኑ ምርመራ ዕድሜ ልክዎን ፖዘቲቭ ሊልዎ ይችላል፤ አንቲቦዲው ስለሚቀር ነው። በየላብራቶሪው እየሄዱ ደጋግመው አይጨነቁበት። መዳንዎን የሚያረጋግጠው የመጨረሻውን ክኒን ከዋጡበት ቀን 12 ሳምንት ቆጥሮ የሚደረግ ቫይራል ሎድ ነው። ክኒኑ እንዳለቀ ወዲያው የተሠራ ውጤት አይበቃም፤ ቫይረሱ ከተመለሰ የሚመለሰው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሕክምናው 12፣ መጠበቁ 12 ሳምንት ሲደመር ከመነሻው ስድስት ወር ገደማ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ይህን አውቆ ቀኑን ይቁረጥ።

ያ ውጤት «አልተገኘም» ካለ መስጠት ይቻላል፣ ሁለት ነገር ከተጣራ። አንደኛው ጉበትዎ ጠባሳ እንደሌለው ነው፤ የከረረ ጠባሳ ወይም ሲሮሲስ ያለበት ሰው ለጋሽ አይሆንም። ሁለተኛው ሽንትዎ ነው። ይህ ቫይረስ ራሱ የኩላሊትን ማጣሪያ ሊያቆስል ስለሚችል ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ወይም ደም መኖር አለመኖሩ በጥንቃቄ ይታይ። ደግሞ አንድ ጊዜ መዳን ከዳግም መያዝ አይከላከልም። ለዚህ ቫይረስ ክትባት የለውም፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቫይራል ሎዱ እንደማንኛውም ለጋሽ ይደገማል።

ጥያቄ፦ እጥበት ክፍላችን ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሰው ከተነሳበት ማሽን ላይ እኔን አስተኙኝ። ማሽኑ ለብቻ መሆን አልነበረበትም ወይ? (ከሐረር)

መልስ፦ ለሄፓታይተስ ቢ አዎ፣ የተለየ ክፍልና ማሽን ያስፈልጋል። ለሲ ግን ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የተለየ ማሽን አያዝዙም፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ጤናማ የሆነውን የማጣሪያ ሽፋን አልፎ ወደ ማሽኑ ውስጥ አይገባም። እጥበት ክፍል ውስጥ የሚተላለፈው በአብዛኛው በእጅ፣ በጓንት፣ በጠረጴዛ ላይ በቀረ ደምና ለብዙ ሰው በሚቀዳ የሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ብልቃጥ ነው።

ስለዚህ ዓይንዎን ከማሽኑ ላይ አንስተው እጅ ላይ ያድርጉት። ነርሷ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስትሄድ ጓንት ትቀይራለች ወይ? እጇን ትታጠባለች? ሄፓሪኑ ከታካሚዎች ርቆ በንጹሕ ቦታ ይቀዳል ወይስ ከአልጋ አልጋ በሚገፋ ጋሪ ላይ? የቀድሞው ታካሚ ከተነሳ በኋላ የማሽኑ ቁልፎች፣ ወንበሩና የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ በክሎሪን ተወልውሏል? የፈሰሰ ደም ካለ መጀመሪያ ይጠረግና 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንዱ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበታል።

ብዙዎች የማያዩት አንድ ነገር አለ። የደሙ ቱቦ ከማሽኑ የግፊት መለኪያ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ክብ ነጭ ማጣሪያ ትገጠማለች። ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ መሆን አለባት። በደም ከራሰች ወዲያው ትቀየራለች፤ ደሙ ወደ ውስጥ አልፎ እንደሆነም ቀጣዩ ታካሚ ከመተኛቱ በፊት ማሽኑ ተከፍቶ ይታያል። ቀይ ሆና ካዩ ዝም አይበሉ፣ በትሕትና ይናገሩ።

እጥበት የሚያደርግ ሰው ሲጀምርና ከዚያ በየ6 ወሩ ለሄፓታይተስ ሲ ይመረመራል። በክፍሉ አዲስ ሰው ከተገኘ ሌሎቹ ቫይራል ሎድ ይሠራላቸዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ አሁኑኑ ይጠይቁ። እጥበት ላይ ላለ ሰው የሚሰጠው መጠን የተለመደው እጥፍ ነው፤ ካለቀ ከ1 እስከ 2 ወር በኋላም አንቲቦዲው 10 ወይም ከዚያ በላይ መድረሱ ይለካል።

ጥያቄ፦ ዘመድ ለጋሽ አጣን። ውጭ አገር ወስዶ «ለጋሹንም እኔ አዘጋጃለሁ» የሚል ደላላ አግኝተናል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አትግቡበት። ገንዘብ ተቀብሎ ኩላሊቱን የሚሸጥ ሰው ሕመሙን፣ ያለፈ ታሪኩን የሚደብቅበት በቂ ምክንያት አለው፤ ደላላውም ምርመራው እንዲደገም አይፈልግም። በዚህ መንገድ ኩላሊት ገዝተው ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም ይዘው የተመለሱ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደተሰጣቸው የሚያሳይ ወረቀት እንኳ ሳይኖራቸው ነው አገራቸው ሐኪም ፊት የሚቀርቡት። ሕጉም ይከለክላል። ብዙዎቻችሁ የምታስቧት ሕንድ ከ1994 ጀምሮ የአካል ንግድን በሕግ ከልክላለች፤ የውጭ ዜጋ ከለጋሹ ጋር ያለውን የቅርብ ዝምድና በኤምባሲ በተረጋገጠ ሰነድ ማሳየት አለበት።

ከመሄዳችሁ በፊት ዘመዶቻችሁን እንደገና ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ አክስት፣ የአጎት ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። አገራችን ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ተሠርቷል፤ ሪፈራችሁን ይዛችሁ እዚያ ምን ዓይነት ዝምድና እንደሚቀበሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከአባቴ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ይያዝብኛል? (ከሐረር)

መልስ፦ አይያዝብሽም። በምግብ፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ብርጭቆ፣ በትንኝ አይተላለፍም። የምትለዪለት ምላጩን፣ የጥርስ ብሩሹንና የጥፍር መቁረጫውን ብቻ ነው። አባትሽን ከማዕድ አታርቂው።

ጥያቄ፦ ለጋሹ ጫት ይቅማል። ምርመራው ላይ የጉበት ኢንዛይሙ ከፍ ብሎ ታየ፤ ሄፓታይተስ ግን የለበትም። ምን ይሆናል? (ከሐረር)

መልስ፦ ጫቱን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቅም ጭምር። በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጫት የደም ግፊትንም ያንራል፤ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው አንድ ኩላሊቱን ሰጥቶ በቀረችው አንዷ መኖሩ አሳሳቢ ነው።

ምርመራው ላይ «ሄፓታይተስ የለም» የተባለው በአንቲቦዲ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ቫይራል ሎድ ይሠራለት፤ ከፍ ያለ ኢንዛይምና ነፃ አንቲቦዲ አዲስ የተያዘ ሰው ላይም የሚታይ መልክ ነውና። እሱም ነፃ ካለ ጫቱን፣ አልኮሉን፣ ሐኪም ያላዘዘውን የባህል መድኃኒት ሁሉ ያቁምና ከሳምንታት በኋላ ኢንዛይሙ ይደገም። ከወረደ መንስኤው ከእነዚህ አንዱ የነበረ ይመስላል። ካልወረደ አልትራሳውንድና ሌሎች የጉበት ምርመራዎች ይቀጥላሉ፤ እስኪጣራ የቀዶ ጥገናው ቀን አይቆረጥም።